የበይነ መረብ የትምህርት ግብዓቶች፦ ከመኖር እስከ መገኘት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚመረትበት ደጋ ማዕከል ስትሆን፣ በስተደቡቧ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በስተሰሜኗ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በዚህች ከተማ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዘመናዊ ስልክና ኔትወርክ ባገኘበት ሰዓት በዓለም ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተዘጋጁ መጻሕፍትን፣ የቪዲዮ ትምህርቶችንና የቤተ ሙከራ ማሳያዎችን ያለ ክፍያ መመልከት ይችላል። ከ25 ዓመታት በፊት ይህ ዕድል ለዩኒቨርሲቲ መምህር እንኳ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ይሁንና የግብዓቱ መኖር አንድ ጉዳይ፣ ተማሪው ሊያገኘው መቻሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ዲጂታል ትምህርት በሚካሄዱ ውይይቶች ስለ ኮምፒውተር ቁጥርና ስለ ኔትወርክ ሽፋን ብዙ ይነገራል፤ በመኖርና በመገኘት መካከል ስላለው ርቀት ግን የሚባለው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ከ100 ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ መቅረታቸውም እንዲሁ እውነት ነው። በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት በክልሉ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ያመለጠውን ዓመት በራሱ ጥረት ማካካስ የሚሻ ወጣት ጊዜውም፣ ለዳታ የሚያወጣው ገንዘብም ውስን ነው። ይህን ውስን አቅም የማይጠቅመውን በመፈለግ ከጨረሰው የሚተካለት የለም።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው በትምህርት ዓይነቶች መካከል ያለው ከፍተኛ ልዩነት ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በበይነ መረብ ላይ እጅግ የበለጸጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ካን አካዳሚ ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ እስከ ካልኩለስ በአጫጭር ቪዲዮዎችና በመልመጃዎች የተደራጀ ነው። የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በኦፕንስታክስ መርሐ ግብሩ ያዘጋጃቸው የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የስታትስቲክስና የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ በነጻ ይወርዳሉ፤ ፈቃዳቸውም ማባዛትንና ማሰራጨትን ይጨምራል። ሲኬ-12 የተሰኘው ድርጅት የሚያቀርባቸው መጻሕፍት ደግሞ በአቀራረባቸው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይበልጥ ይቀርባሉ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ባደረገው ውሳኔ መሠረት የኮርሶቹን ማስታወሻዎችና ፈተናዎች ለዓለም ክፍት አድርጓል፤ ይህ ግን ለመምህሩና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪው እንጂ ለ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚመከር አይደለም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፌት የተሰኘው የቤተ ሙከራ ማሳያ ነው። ተማሪው በስክሪን ላይ ሽቦና ባትሪ አገናኝቶ አምፖል ያበራል፤ የፔንዱለሙን ገመድ አርዝሞና አሳጥሮ ጊዜውን ይለካል፤ የአሲድንና የቤዝን ባሕርይ ይመለከታል። ኬሚካልና መሣሪያ በተሟላ ሁኔታ በማይገኝበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር በአንድ ላፕቶፕ ለመላው ክፍል ሊያሳየው ይችላል። አብዛኞቹ ማሳያዎች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ዋጋቸው እጥፍ ነው።

እነዚህን ግብዓቶች በመፈለግ ረገድ ተማሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያሳስተው የክፍል ደረጃ ነው። በሀገራችን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በየዓመቱ ጎን ለጎን እየተከፋፈሉ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ግን በአመዛኙ እያንዳንዳቸው በተለያየ ዓመት የሚወሰዱ ናቸው። ስለሆነም «የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ከእርሱ መማሪያ መጽሐፍ ጋር የማይገናኝ ነገር ያገኝና «የእኛ ትምህርት የለም» ብሎ ይተወዋል። የሚያዋጣው በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የንዑስ ርዕስ ስም እንዳለ ወስዶ መፈለግ ነው። የክፍል ቁጥር ከሀገር ሀገር ይለያያል፤ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ግን በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በቦስተን አንድ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ምክር የበርካታ ሰዓታትን ድካም ይቀንሳል።

ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመጣ ሁኔታው ይለወጣል። ስለ ፈረንሳይ አብዮት ወይም ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ከበቂ በላይ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ጂኦግራፊ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አቅም የተጻፈና የታረመ ግብዓት ግን እምብዛም ነው። ያለውም ቢሆን በአንድ በኩል ለተመራማሪ በተዘጋጀ ቋንቋ የተጻፈ፣ በሌላ በኩል ምንጩ የማይታወቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ትረካ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የውጭ ድርጅት ሊሞላው አይችልም፤ የሀገር ውስጥ የታሪክ ክፍሎችና መምህራን ሥራ ነው።

የጥንታዊ መዛግብቱ ጉዳይ ይበልጥ አስገራሚ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር አሰባስበው በመቅደላ ካከማቿቸው የብራና መጻሕፍት መካከል በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር የተወሰዱት በርካቶቹ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ብዙዎቹን በዲጂታል ፎቶግራፍ አንስቶ በበይነ መረብ አቅርቧቸው ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ተቋሙ ላይ በደረሰ የሳይበር ጥቃት አገልግሎቱ ተቋርጦ፣ የዲጂታል ቅጂዎቹ ለረጅም ጊዜ ሊታዩ የማይችሉ ሆነው ቆይተዋል። በአንጻሩ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሀገር ውስጥ በማይክሮ ፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የበይነ መረብ ንባብ ክፍል በነጻ ምዝገባ ይታያሉ። ከጎንደር የወጣ መጽሐፍ በጎንደር የሚነበበው በሩቅ ሀገር የሚገኝ ኮምፒውተር ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑ፣ ቅጂን በቅርብ የመያዝን አስፈላጊነት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

ቋንቋ ሌላው መሰናክል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በአማርኛ ሲማር የቆየ ተማሪ በእንግሊዝኛ የቀረበ ትንታኔን በሙሉ ልብ ለመከታተል ጊዜ ይፈጅበታል። የአማርኛው ውክፔዲያ የጽሑፎቹ ብዛት 15 ሺህ ገደማ ሲሆን አብዛኞቹም አጫጭር ናቸው፤ የእንግሊዝኛው በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። በዚህ መካከል ብዙዎች የማያውቁት አንድ አማራጭ አለ። በቀላል እንግሊዝኛ የሚዘጋጀው የውክፔዲያ ቅጂ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮችና በተመረጡ የተለመዱ ቃላት ስለሚጻፍ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚመጥን ነው፤ በአንድ ተራ ሚሞሪ ካርድ ላይም ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ለታዳጊ ሕፃናት ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክና ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የተሰኙት የተረት መጻሕፍት ስብስቦች በአማርኛ የተዘጋጁ መጻሕፍትን አካተዋል። ማንበብ የሚጀምረው ሕፃን ከእነዚህ የሚያገኘው ጥቅም ከማንኛውም የፈተና ማስታወሻ ይበልጣል።

በሀገር ውስጥ የተፈጠሩ ግብዓቶችም ቀላል ግምት የሚሰጣቸው አይደሉም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተግባራዊ ሲሆን የታተሙ መጻሕፍት በወቅቱ ባልደረሱባቸው ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍቱ ዲጂታል ቅጂ ክፍተቱን በከፊል ሸፍኗል። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ሥልጠናዎችን ከምስክር ወረቀት ጋር በነጻ ይሰጣል። በከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ የጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ የምርምር ውጤቶች በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዛል። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር መረብም የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይሰጣል። የሚያሳስበው እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው አድራሻ፣ በየራሳቸው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ተበታትነው መቀመጣቸው ነው። አንዱን ያወቀ ሌላውን የሚያውቅበት መንገድ አልተዘረጋለትም።

የዚህ መበታተን ውጤት በአምባ ጊዮርጊስ ደጃፍ ይታያል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከወገራ ቀጥሎ በሚገኘው በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል ሲያካሂድ ቆይቷል። የወሊድ፣ የሞት፣ የሕፃናት ምግብና የተላላፊ በሽታዎች ሁኔታ ከዓመት ዓመት የተመዘገበበት ይህ ሥራ በርካታ ጥናቶችን ያፈራ ሲሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ማንም ያለ ክፍያ ሊያነባቸው በሚችሉ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ታትመዋል። የወገራ የጤና ባለሙያ ወይም የጤና ሳይንስ ተማሪ ስለ ጎረቤቱ ቀበሌ የተጻፈውን ጥናት ለማግኘት የመጽሔቱን ስም፣ የእንግሊዝኛውን ሙያዊ ቃልና «ዳባት» የሚለው ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ዕውቀቱ ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ ዓለምን ዞሯል፤ ወደዚሁ ደጋ የሚመለስበት መንገድ ግን ገና አልተጠረገም። የጥናቶቹን ዋና ዋና ውጤቶች በአማርኛ በሁለትና በሦስት ገጽ አጠቃሎ ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ማቅረብ ለዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል የሚከብድ አይሆንም።

ተማሪዎች በተግባር ግብዓት የሚያገኙት በአመዛኙ በቴሌግራም ነው። ይህ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲዘጉ ሲወሰን የትምህርት ተቋማት ራሳቸው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጎን ለጎን ቴሌግራምን ተጠቅመዋል፤ ፋይሉ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ መተላለፉም ለገጠር ተማሪ ምቹ ነው። አስቸጋሪው ነገር በአንድ ቻናል ውስጥ የተፈቀደ የመማሪያ መጽሐፍ፣ መልሱ የተሳሳተ የፈተና ወረቀት፣ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ ማስታወሻና «የዘንድሮ ፈተና በእጃችን ነው» የሚል የማጭበርበሪያ ማስታወቂያ ጎን ለጎን መቅረባቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተሰራጨና ፈተናው ከተሰረዘ ወዲህ ይህን የመሰለው ማስታወቂያ በየዓመቱ ሰሚ አላጣም። ተማሪው ሦስት ነገሮችን ቢያጣራ ብዙ ይድናል፦ አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሥርዓተ ትምህርት እንደተዘጋጀና መልሱ ስሌቱን ጭምር የሚያሳይ መሆኑን። ስሌት የሌለው የመልስ ዝርዝር የሚያስተምረው ነገር የለም።

ከሩቅ የተዘጋጀ ትምህርትን ወደ ክፍል በማስገባት ረገድ ሀገራችን ልምድ አላት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት በመላ ሀገሪቱ ለሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት አድርሷል። በወቅቱ ትልቅ ምኞት የታየበት ሥራ ነበር። ነገር ግን ስክሪኑ ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ወደ ፊት ይሄድ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ መምህሩም የመክፈቻና የመዝጊያ ደቂቃዎች ብቻ የተተዉለት ታዛቢ ሆነ። የያኔውን ጉድለት የዛሬው ቴክኖሎጂ በከፊል አርሞታል፤ ቪዲዮ ይቆማል፣ ይደገማል፣ በፍላሽ ይቀመጣል። የመምህሩ ቦታ ግን ቴክኖሎጂው በራሱ የሚያስተካክለው አይደለም። ዛሬም ተማሪውን ከስልኩ ጋር ብቻውን ትቶ «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» ማለት የፕላዝማውን ስሕተት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ዘዴዎች ሊተኮርባቸው የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ኪዊክስ የተሰኘው ነጻ ሶፍትዌር ውክፔዲያንና ሌሎች ድረ ገጾችን ጠቅልሎ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ያስቀምጣል፤ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ኮሊብሪ የተባለው ሌላው ነጻ ሥርዓት ደግሞ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎች፣ የፌትን ማሳያዎች፣ የሲኬ-12ን መጻሕፍትና የአፍሪካን ስቶሪቡክን ተረቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሰባስብና በትምህርት ቤቱ የውስጥ ዋይፋይ አማካይነት ለተማሪዎች ስልክና ለኮምፒውተር ክፍሉ ያሰራጫል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያለው ኔትወርክ ቢቋረጥም ውስጡ ይሠራል። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው አንድ የቆየ ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ የዋይፋይ ማሰራጫና ይህን ሁሉ ፈጣን ኔትወርክ ካለበት ቦታ ጭኖ የሚያመጣ ሰው ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ አንጻር ያ ቦታ ጎንደር ነው፤ የሚፈጀውም የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው።

በዚህ አካባቢ ዕውቀትን በየቦታው ፈልጎ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ መሄድ እንዳለበት ገና ከመንደሩ ሳይነሣ ያውቅ ነበር። በወረቀት ላይ የሰፈረ ማውጫ አልነበረውም፤ የትኛው ትምህርት በየትኛው ጉባኤ ቤት፣ በየትኛውስ መምህር እጅ እንደሚገኝ ከእርሱ በፊት የሄዱት ይነግሩት ነበር። የዛሬው ተማሪ መንገዱ አጥሮለታል፤ የሚነግረው ሰው ግን አጥቷል።

ያን ሰው መተካት የሚችሉት የትምህርት ዓይነቱ መምህራን ናቸው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ማሳያና አንድ የመልመጃ ስብስብ ቢመርጥ፣ ለአንድ ክፍል ደረጃ የሚያዘጋጀው ዝርዝር ከጥቂት ገጽ አይበልጥም። ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ከመንከራተት ያድናል። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ መተው ግን አግባብ አይሆንም፤ የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ትምህርት ቤቶች በክላስተር ተደራጅተው የትምህርት ዓይነቶቹን ቢከፋፈሉ ለእያንዳንዱ መምህር የሚደርሰው ድርሻ ቀላል ይሆናል። የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች የየትምህርት ክፍሎቻቸውን መምህራን ለማረም ቢመድቡ የይዘቱ ጥራት ይጠበቃል። ይህ ሥራ በመምህሩ መደበኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተደርቦ የሚጫን ከሆነ እንደማይዘልቅ ከወዲሁ መገንዘብ ያሻል፤ በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር ውስጥ እንደ አንድ ተግባር ሊቆጠርለት፣ ለማውረጃ የሚሆን የዳታ ወጪም በትምህርት ቤቱ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

ዝርዝሩ በስልክ ብቻ የሚታይ እንዳይሆን ማድረግም ያስፈልጋል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ስልክ ባለበት ቤትም ከወንድ ልጅ ይልቅ ሴት ልጅ ስልኩን የማግኘት ዕድሏ ያነሰ ነው። በወረቀት ታትሞ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር፣ ከእርሱም ጎን በተመደበ ሰዓት ለሴት ተማሪዎች ቅድሚያ የሚሰጥ የኮምፒውተር ክፍል ይህን ልዩነት በተወሰነ ደረጃ ያጠብባል።

ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ላሉትም ቢሆን ቀላሉ መንገድ ውጤታማ ሆኖ ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር አርሶ አደሩ በማንኛውም ተራ ስልክ ደውሎ ስለ ሰብል አመራረት ምክር በአማርኛና በሌሎች የሀገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚያዳምጥበት ነው። የድንች ወይም የገብስ በሽታ የገጠመው የወገራ ገበሬ የድረ ገጽ አድራሻ ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ አራት አኃዝ ይበቃዋል። ለትምህርት ቤቶች የሚዘጋጀው ዝርዝርም በዚሁ መንፈስ አጭር፣ በአንድ ቦታ የሚገኝና በሚታወቅ ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይገባዋል። ሊንኮች ስለሚሞቱ፣ ድረ ገጾችም አድራሻ ስለሚቀይሩ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እየተፈተሸ የማይሠራው ይወጣል፤ አዲስ የተገኘው ይገባል። ፍተሻውን የሚያደርገው ሰው ስምና የፈተሸበት ቀን በዝርዝሩ ግርጌ ቢሰፍር ደግሞ ተማሪውም ሆነ ሌላው መምህር የተበላሸ ሊንክ ሲገጥመው ለማን መናገር እንዳለበት ያውቃል።